ቡላና አጥንት

ሰውየው ሚስቱ ወልዳለች። ነዋል ይህን ለመደምደም ሦስት ሐሙስ ብቻ ነው የፈጀባት።

በመጀመሪያው ሐሙስ ከአባቷ ሱቅ ትይዩ ካለው ሉካንዳ ግማሽ ኬሻ የበሬ አጥንት ተሸክሞ ሲወጣ አየችው። ደህና ሸሚዝ የለበሰ፣ ፂሙን በወጉ የተከረከመ፣ መነጽር ያደረገ ወጣት ነው። በሁለተኛው ሐሙስ ኬሻውን እንደያዘ መንገዱን ተሻግሮ መጣና አምስት ኪሎ ቡላ ገዛ። ምርጡን፣ ነጩን፣ ከወናጎ የሚመጣውን። በሦስተኛው ሐሙስ ያንኑ ደገመው። አጥንቱ ለመረቅ፣ ቡላው ለገንፎ። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ቀን የሚገዛ ወንድ ቤቱ አራስ ተኝታ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ መምህር» አለችው ቡላውን እየመዘነች። መምህርነቱን ያወቀችው ካንገቱ ካንጠለጠለው የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ ነው።

«በምን?»

«በልጁ ነዋ። ወንድ ነው ሴት?»

«የማን ልጅ?»

«የእርስዎ ነዋ! አራሷ ግን በሳምንት አምስት ኪሎ ቡላ የሚጨርሱ ከሆነ፣ ወይ የወለዱት መንታ ነው፣ ወይ እርስዎ እየተሻሙባቸው ነው።»

ሰውየው መጀመሪያ ኬሻውን አየ፤ ቀጥሎ ቡላውን አየ። ነገሩ ሲገባው ሳቁ አመለጠው፤ መነጽሩን እስኪያወልቅ ድረስ ሳቀ።

«ሚስት የለኝም» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ልጅም የለኝም። ይህን ሁሉ የሚበላው ምድጃ ነው።»

«ምድጃ?»

«አጥንት እኮ ነው የምንሠራው።»

ነዋል የባለሱቁ የባህሩዲን የበኩር ልጅ ናት። አባቷ ከስልጤ አገር መጥቶ ዲላ ላይ ሱቅ ከከፈተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ እንደ ምላጭ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ ካለው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ሆና መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ታያለች። ከዚያ ወንበር የማይታየኝ የራሴ ዕድል ብቻ ነው ትላለች።

«ከአጥንት አጥንት ይሠራል?» አለችው።

«ከአጥንትና ከቡላ። የበሬውን አጥንት ቀቅለን ስቡን እናስወግዳለን። ከዚያ በጣም በሚግል ምድጃ ስናቃጥለው እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ይቀራል። እሱን ፈጭተን ዱቄቱን ከቡላ ጋር እናቦካና፣ ቅርጽ አስይዘን እንደገና እናቃጥላለን። ቡላው ነዶ ይጠፋል፤ የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል።»

«ቀዳዳ ለመሥራት ነው ይህ ሁሉ ድካም?»

«ዋናው ቀዳዳው ነው!» አለ፤ ኬሻውን መሬት አስቀምጦ በሁለት እጁ ማስረዳት ጀመረ። «ሰው ሲጎዳ አጥንቱ መሐል ክፍተት ይፈጠራል እንበል። ክፍተቱ ከሰፋ አጥንቱ ራሱን ችሎ መገናኘት አይችልም። ፎቅ ሲሠራ ግንበኛ የሚወጣበትን የባሕር ዛፍ ርብራብ አይተሻል? የኛም ሥራ እንደዚያ ነው፤ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል፣ የሰውየው የራሱ አጥንት በቀዳዳዎቹ እየገባ ያድጋል። ልዩነቱ፣ የኛ ርብራብ ሥራው ሲያልቅ አፍራሽ አይፈልግም። ቀስ በቀስ እየሟሟ ለአዲሱ አጥንት ቦታውን ይለቃል።»

ነዋል ሚዛኑን ትታ ታዳምጠው ነበር። ከባንኮኒው ሥር፣ እሱ በማያየው በኩል፣ ግራ እግሯ በብረት ድጋፍ ታስሮ ተዘርግቷል። ክራንቿ ከአጠገቧ ግድግዳውን ተደግፏል።

ከሁለት ዓመት በፊት የተሳፈረችበት ባጃጅ ወናጎ መንገድ ላይ ተገለበጠ። ከጉልበቷ በታች ያለው አጥንት ቆዳውን ቀዶ ወጣ፤ ቁስሉ መግል ያዘ። ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ሆነች፤ ሐኪሞቹ የሞተውን አጥንት አውጥተው እግሯንም ሕይወቷንም አተረፉላት፤ ግን ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ቀረ። ቁስሉ በደንብ ሲደርቅ ተመለሺ ተባለች። ደረቀ፤ አልተመለሰችም። አባቷ «ልጄን ከእንግዲህ ቢላ አይነካትም» ብሎ ማለ፤ እሷም ደክሟት ስለነበር አልተከራከረችም።

«ሱሀይል እባላለሁ» አለ ሰውየው ቡላውን እየተቀበለ። «እርስዎ አትበይኝ። ገና አልወለድኩም።»

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ከሳምንቱ ቀናት ተለየ። ነዋል ሐሙስ ሐሙስ ደህናውን ሻሽ መልበስ ጀመረች። አባቷ ባህሩዲን ሻሿን አይቶ «ዛሬ ቀኑ ሐሙስ ነው መሰለኝ» ይልና፣ ምንም እንዳላለ ሰው ወደ ጓዳ ይገባል።

ሱሀይል ቡላ ሊገዛ ይመጣል፤ ገዝቶ ግን አይሄድም። ስለ በጎቹ ያወራታል። ርብራቡ ከጥንቸል አልፎ በግ ላይ እየተሞከረ ነው፤ ስምንት በጎች አሉ፤ የሚጠብቃቸው ጋዲሳ የሚባል ሽማግሌ ነው። በጥናቱ ደንብ በጎቹ በቁጥር ነው የሚጠሩት፤ ጋዲሳ ግን ሰው ዘወር ሲል በየስማቸው ይጠራቸዋል። ሰባት ቁጥር የዋዛ በግ አይደለችም፤ ርብራቡ በገባላት በወሩ አጥር ዘላለች።

አንድ ሐሙስ ከኪሱ ትንሽ ብልቃጥ አወጣና በመዳፏ ላይ ገለበጠው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነጭ ነገር ወደቀች። ነዋል ክብደቷ እስኪሰማት ጠበቀች፤ ምንም አልተሰማትም። ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ ስታያት ውስጧ እንደ ድፎ ዳቦ ሆድ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው።

«ይቺን ለመሥራት ስንት ጊዜ ፈጀብህ?»

«አራት ዓመት። መጀመሪያ የሠራነው ሲነኩት ይፈርስ ነበር። ቀጥሎ የሠራነው ደግሞ ድንጋይ ሆነ፤ ቀዳዳው ተደፈነ። ሦስተኛውን ጥንቸሎቹ አልተቀበሉትም። የድንች ስታርች ሞከርን፣ የበቆሎ ሞከርን። ቡላን ያመጣው ጋዲሳ ነው። “እኛ ሰፈር አጥንቱ የተሰበረ ሰው የሚመገበው ከእንሰት ነው” አለኝ። እርግጥ እኛ አናበላውም፣ እናቃጥለዋለን። ቢሆንም ሠራልን።»

ነዋልን የማረካት ይህ ነው። ብዙ ወንድ አይታለች፤ ያሸነፈበትን የሚቆጥር። ይህኛው የከሸፈበትን አንድ በአንድ፣ ያለ ኀፍረት፣ ስለ ዘመዱ እንደሚያወራ ሰው ይቆጥራል። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ጥፍር ለምታህል ነገር ጎንበስ ያለ ሰው ክፉ ሊሆን አይችልም ብላ አሰበች። ወደደችው። እሷም ታውቃለች፣ ጓዳ ያለው ባህሩዲንም ያውቃል።

«በጎቹን መጥተሽ እይ» ይላታል።

«ሱቁን ለማን ትቼ?» ትለዋለች። በሌላው ሳምንት «ዝናብ ነው»፣ በሌላው «እንግዳ አለብን» ትላለች። ፍቅርና ሳል አይደበቅም ይባላል፤ እግር ግን ባንኮኒ ካለ ይደበቃል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እግሯን አይቶ ነበር ቀጥሎ እሷን የሚያየው። ሱሀይል ብቻ ነው እሷን ያየ። ይህ እንዲያልፍባት አልፈለገችም።

አለፈ። በአንድ ማክሰኞ ከፋርማሲ ስትመለስ ድንገት የወረደ ዝናብ መንገድ መሐል ያዛት። ክራንቿ ጭቃ ላይ ሲንሸራተት አንድ እጅ ክራንቹን፣ ሌላው እጅ ክንዷን ያዘ። ቀና ስትል ሱሀይል ነው። ዓይኑ ፊቷ ላይ አልነበረም። እግሯ ላይ፣ ብረቱ ላይ፣ ከብረቱ በላይ ባለው ጠባሳ ላይ ነበር።

«ክፍተቱ ስንት ሴንቲሜትር ነው?» አላት።

የሙያ ነገር ሆኖበት ነው። ከአፉ ሲወጣ እንደተጸጸተ ፊቱ ላይ ታየ፤ ቃል ግን ከወጣ በኋላ አይመለስም።

«ደህና ነሽ ወይ አይቀድምም?» አለች ነዋል። ክንዷን አስለቀቀችው። በክራንቿ ወደ ሱቁ በረንዳ አመራች፤ እሱም ተከተላት። እዚያ ሁለቱም እየተንጠባጠቡ ቆሙ፤ እሷም ባጃጁን፣ ሁለቱን ኦፕራሲዮኖች፣ ለወራት የደበቀችውን ሁሉ ነገረችው። ስትጨርስ ጥያቄው ራሱ መጣ፤ ስለ ርብራቡ ከነገራት ቀን ጀምሮ ደረቷ ውስጥ የተቀመጠ ጥያቄ ነው።

«ርብራብህን እኔ ውስጥ አስገባልኝ።»

ሱሀይል መነጽሩን አወለቀ፤ በእርጥብ ሸሚዙ ጠረገው፤ የባሰ ደበዘዘ።

«አልችልም።»

«ለበግ ችለሃል።»

«ለበግ ነው የቻልኩት። ሰው ላይ ለመሞከር ገና አልተፈቀደም። ቢፈቀድም ዛሬ አላደርገውም። ክብደትሽን ይሸከም አይሸከም አላውቅም። የዳነውን ቁስል ይቀሰቅስ እንደሆነ አላውቅም። የማላውቀውን ነገር አንቺ ላይ አልማርም፣ ነዋል።»

«ሌላ ሴት ብሆንስ?»

«ሌላ ሴት ላይም አልማርም። አንቺ ላይ ግን ይብስብኛል።»

ለምን እንደሚብስበት አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። በምትኩ ሌላ መንገድ እንዳለ ይነግራት ጀመር። ከራሷ ዳሌ ትንሽ አጥንት ተወስዶ ክፍተቱ ይሞላል፤ የቆየ ዘዴ ነው፤ ብዙ ሰው ድኖበታል፤ ዛሬ ከእኔ ሥራ እሱ ይበልጣል አላት። እሷ የሰማችው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ቢላ።

«ሂድ» አለችው።

ሄደ። በሚቀጥለው ሐሙስ ቡላውን ሊገዛ የመጣው ጋዲሳ ነበር፤ በከዘራው እየተመረኮዘ። በሌላውም ሐሙስ እሱ መጣ። ነዋል ደህናውን ሻሽ መልበስ ተወች። ባህሩዲን ነገሩን ከልጁ ጎትጉቶ ሲያወጣ ደሙ ፈላ። «ለበግ ያልነፈገውን ለኔ ልጅ ነፈገ?» እያለ ለሦስት ቀን ሱቁ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አለ።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ጠዋት የባህሩዲን ግቢ በር ተንኳኳ። ባህሩዲን በመስኮት አየና ልቡ ዘለለ። ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ፀጉሩ የሸበተ፣ ካፖርት የደረበ። አንዱ ከረቫት ያሰረ። ከፊት ከፊት የሚመራቸው ደግሞ ነጭ ጋቢ የለበሰው፣ ከዘራ የያዘው ባለበጉ ጋዲሳ ነው። በእሑድ ጠዋት፣ ሦስት ሆነው፣ ጋቢና ከዘራ ይዘው ሴት ልጅ ያለበት ቤት የሚመጡ ሰዎች ለምን እንደሚመጡ ይህን ያህል ዓመት የኖረ ሰው አያጣውም። የሰነበተው ቁጣ በአንድ ጊዜ ከላዩ ወረደ።

«ግቡ! ግቡ! ተቀመጡ!»

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አለ ጋዲሳ። ጋዲሳ ዕድሜውን ሙሉ ትልቅ ነገር ተቀምጦ ጠይቆ አያውቅም።

ይሄው ነው! ባህሩዲን ከዚህ በኋላ ለምንም ነገር አልጠበቀም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለውን እያወቀ ቸኮለ።

«አትድከሙ፤ የመጣችሁበትን አውቀዋለሁ። ከማን እንደመጣችሁም አውቃለሁ። ልጁ ላይ ተቆጥቼ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። ግን እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ጉድለት ደብቄ ሰጥቼ አላውቅም፤ በልጄማ እንዴት አድርጌ! እግሯ አልዳነም። ምናልባት ዕድሜዋን ሙሉ ትደገፍ ይሆናል። ከዚህ በቀር በልጄ ላይ አንድ እንከን የለም።» እያለቀሰ ቀጠለ። «ይህን አውቃችሁ ከጠየቃችሁ፣ ሰጥቻለሁ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ነዋል በሁለት እጇ አፏን ያዘች። አባቷ ሲያለቅስ ሰምታ አታውቅም ነበር። ሱሀይል ሽማግሌ ልኳል ብላ ለአንድ አፍታ በሕይወቷ ተደስታ የማታውቀውን ደስታ ተደሰተች።

ሳሎን ውስጥ ግን ባለካፖርቱ ባለከረቫቱን አየ። ባለከረቫቱ ጋዲሳን አየ። ጋዲሳ ከዘራውን አየ።

«ጋሽ ባህሩዲን» አለ ባለካፖርቱ ጉሮሮውን ጠርጎ፤ «እኔ ዶክተር ታረቀኝ እባላለሁ። የአጥንት ሐኪም ነኝ። እሳቸው አቶ ሠረቀብርሃን ናቸው፤ የሱሀይል የሥራ ክፍል ኃላፊ። የመጣነው... ከልጅዎ ዳሌ ላይ ትንሽ አጥንት ወስደን እግሯን እንድንሠራው ነው። ፈቃዱ የራሷ ነው። ግን እርስዎ ሳይመርቋት እሺ እንደማትል ሱሀይል ነግሮናል።»

ባህሩዲን ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ከዳሌዋ?»

«ከዳሌዋ።»

«ሙሽራውስ?»

«እሱማ በር ላይ ነው» አለ ጋዲሳ በጣም አዝኖ። «ግባ ብንለው እምቢ አለን።»

ነዋል በጓሮ ዞራ ወጣች። ክራንቿን ልትደብቅ አልሞከረችም፤ ከእንግዲህ ምን የሚደበቅ ነገር ቀርቶ? ሱሀይል የግቢውን አጥር ተደግፎ ቆሟል። የባህሩዲን ድምፅ መንገድ ድረስ የሚሰማ ስለሆነ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አባቴ ድሮኛል» አለችው፤ «የሚወስደኝ ነው የጠፋው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሳቅ እንዳትስቅ። ዛሬ እገድልሃለሁ።»

አልሳቀም። «ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር» አለ። «ዛሬ ግን አልነበረም።»

«ከዳንኩ በኋላ ነው? አንካሳ ላለማግባት?»

«አይደለም!» ድምፁ ከፍ ብሎ ራሱንም አስደነገጠው። «ነዋል፣ ስሚኝ። ዛሬ ብጠይቅሽና እሺ ብትዪኝ፣ እሺ ያልሽው ለኔ ይሁን ለእግርሽ እንዴት እናውቃለን? አንቺ መዳን ትፈልጊያለሽ፣ እኔ ሐኪም አውቃለሁ፤ እንዲህ ሆኖ ይጠየቃል? ከእኔ ምንም የማትፈልጊበት ቀን እንድትመልሺልኝ ነው የፈለግሁት። እምቢም ብትዪኝ ደልቶሽ እምቢ እንድትዪኝ።»

«ባልድንስ?»

«ኦፕራሲዮኑ ከተሠራ በስድስተኛው ወር እልካለሁ። ብትድኚም፣ ባትድኚም። ቀኑን እጽፍልሻለሁ።»

ነዋል ክራንቿን አስተካክላ ያዘች። «ያንተ ርብራብስ?»

«እሱ ወረፋውን ይጠብቃል። ከአንቺ ኋላ ለሚመጣ ሰው ይደርሳል።»

አራት ዓመት የለፋበትን ነገር፣ የሚወዳት ሴት እጇን ዘርግታ ስትለምነው፣ «ገና ነው፣ የሌላው ይሻልሻል» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የገባት ያኔ ነው። በዝናቡ ቀን የነፈጋት መስሏት ነበር። ለካ ማንም ሰጥቷት የማያውቀውን ነው የሰጣት፤ እውነትን።

ተመልሳ ሳሎን ገባች። አራቱም ወንዶች ጭንቅላታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።

«መቼ ነው የምንሄደው፣ ዶክተር?» አለች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ ጎንበስ አለች። «አባ፣ መርቀኝ።»

ባህሩዲን ሁለት እጁን ዘርግቶ መረቃት፤ ቢላ አይነካትም ያለበትን መሐላውንም በልቡ ፈታው።

ኦፕራሲዮኑ ሐዋሳ ተሠራ። ዳሌዋ ከእግሯ ይልቅ ስላመማት ሳምንት ሙሉ ሱሀይልን ረገመችው። በሁለተኛው ወር ራጁ ላይ ክፍተቱ ያው ክፍተት ነበር፤ ባህሩዲን ምግብ አልበላ አለ። በሦስተኛው ወር ግን ጉም የመሰለ ነገር ታየ። በአራተኛው ወር ጉሙ ነጣ። ሱሀይል ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ ራጁን በሱቁ መስኮት ላይ ያያል፤ ቡላውን ይገዛል፤ ስለ ፍቅር አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ይሄዳል። ቀን ቆጥሮ የሚያፈቅር ወንድ እንደሱ ታይቶ አይታወቅም።

በአምስተኛው ወር ነዋል በጎቹን ለማየት በእግሯ ሄደች፤ ክራንቹ ቀርቶ በአንድ በትር። ሰባት ቁጥርን አሳዩአት። አጥንቷ ውስጥ የገባው ርብራብ በራጁ ላይ ሟሙቶ ሊያልቅ ነው፤ በቦታው የራሷ አጥንት በቅሏል። አቶ ሠረቀብርሃን በሰው ላይ ለመጀመር የሚያስፈልገውን ፈቃድ ጠይቀዋል፤ ጊዜ ይፈጃል፤ ማንም ግን አልቸኮለም። ሰባት ቁጥር ነዋልን አየቻት፣ አሸተተቻት፣ ከዚያ ዘላ ሮጠች።

«ትንሽ ቆዪ» አለቻት ነዋል፤ «እኔም እመጣለሁ።»

ስድስተኛው ወር በሞላ በእሑዱ በር ተንኳኳ። የከፈተችላቸው ነዋል ራሷ ናት፤ በእጇ ክራንችም በትርም የለም። ስትራመድ በግራ በኩል ትንሽ ጎደል ትላለች፤ ከዚያ ውጭ ያው ነዋል ናት። ሦስቱ ሰዎች ገቡ፤ ያው ካፖርት፣ ያው ከረቫት፣ ያው ጋቢና ከዘራ።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አለ ጋዲሳ።

ባህሩዲን እጁን አነሳ። «ቆዩ፣ ቆዩ! ዛሬስ ቀድሜ አንድ ቃል አልተነፍስም። መጀመሪያ ንገሩኝ፤ አሁን ደግሞ ከየትኛው አጥንቷ ልትወስዱ ነው የመጣችሁት?»

ዶክተር ታረቀኝ ጓደኞቹን አየ። በዚህ ጊዜ ሦስቱም ይስቁ ነበር።

«ዛሬስ ሙሉዋን ነው፣ ጋሽ ባህሩዲን።»

ባህሩዲን ልጁን ፈለጋት፤ ሳሎን ውስጥ አልነበረችም። በተከፈተው በር ግቢውን ስታቋርጥ አያት። ወደ አጥሩ፣ ያ መነጽር ያደረገ ሰው ዛሬም አልገባም ብሎ ወደቆመበት፣ ሳትቸኩል፣ ማንንም ሳትደገፍ ትሄዳለች።

«መልሱን ይዤልህ መጣሁ» ስትለው ተሰማ። «በእግሬ።»